ለአመለኛ ባሕር የተቀረጸ ቦርድ

የሞገድ ዊንድሰርፊንግ ቦርድ፣ ማለትም ሸራ ተክለው ሞገድ የሚጋልቡበት ቦርድ፣ ያደገው ሃዋይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ማብቂያ ላሪ ስታንሊና ጓደኞቹ ከሞገድ ጫፍ ላይ ሲዘሉ ቦርዱ ከእግራቸው እያፈተለከ ቢያስቸግራቸው፣ እግር የሚገባበት ማሰሪያ ያለው አነስተኛ ቦርድ ሠሩ። ከዚያ ወዲህ ስማቸው ከገነነ ቀራጮች ብዙዎቹ እዚያው ሃዋይ፣ በተለይም ማዊ ደሴት ላይ፣ ቀርጸው እዚያው ሞከሩ። ዓለምም የእነሱን ሥራ ገዛ። ገዢው ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚጋልበው የማዊን ሞገድ አይደለም። የሚኖረው ሰሜን ባሕር ዳር ነው፤ ሜዲትራንያን ዳር ነው፤ አየርላንድ ነው። ነፋሱ ይነሳል፣ ይወድቃል። ሞገዱ አጭርና የተዘበራረቀ ነው፤ ጠዋት ለአንድ ሸራ የተመቸው ባሕር ከሰዓት ሌላ ሸራ ይጠይቃል።

እ.ኤ.አ. ለ2016 የምርት ዘመን ፋናቲክ በሚለው ስም ለገበያ የቀረበው ስታቢ የተሰኘው ቦርድ ይህን ገዢ አስቦ የተሠራ ነው። ቀራጩ ሴባስቲያን ቬንዘል ነው። ከስታቢ በፊትም ሙከራ አልጠፋም። ስታርቦርድ የተባለው አምራች እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ያወጣው ኢቮ፣ ሰፋና አጠር ብሎ፣ ደካማ ሞገድን ታሳቢ ያደረገ ነበር፤ አውስትራሊያዊው ስኮት ማከርቸር እ.ኤ.አ. በ2004 የሞገድ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው በዚያው ቦርድ ነው። ስታቢ ሐሳቡን ገፍቶ ወደ ዳር አደረሰው። ስለዚህም ከተለመደው ቅርጽ ጋር ተነጻጽሮ ሊመዘን ይገባዋል።

ፍርዴን ከወዲሁ ላስቀምጥ። ስታቢ ለተለዋዋጭ ባሕር የተሰጠ ብልህ መልስ ነው። ብልህነቱ የሚገለጠው ግን ሸራው በአግባቡ ሲወጠር ብቻ ነው። ገበሬ ማረሻውን ከሞፈሩና ከቀንበሩ ነጥሎ ጥሩ ነው፣ መጥፎ ነው አይልም፤ ቦርድን ከሸራው ነጥሎ የሚፈርድ ዳሰሳም ግማሽ ሥራ ነው። ስታቢና መሰሎቹ የተወደሱበትም የተነቀፉበትም ብዙው ነገር በዚህ ጉድለት የተበከለ ነው ብዬ አምናለሁ።

ቅርጹ ምን ይላል?

የተለመደውን ባለ አራት ፊን (ከሥሩ አራት ክንፎች የተሰኩበትን) የሞገድ ቦርድና ስታቢን ጎን ለጎን አሸዋ ላይ ማስተኛት ነው። ሁለቱም 82 ሊትር ገደማ ይሁኑ። የተለመደው ከወገቡ ተነስቶ ወደ አፍንጫውም ወደ ጅራቱም እየጠበበ ይሄዳል፤ ጠርዙ ላይ ቀጥ ያለ ቦታ ማግኘት ያስቸግራል። ስታቢ አጠር ይላል፤ ርዝመቱ 2.20 ሜትር አካባቢ ነው። ሁለቱ ጠርዞቹ ብዙውን መንገድ ትይዩ ሆነው ይጓዛሉ፤ አፍንጫውም ሰፊ ነው። ተንበርክኮ ሆዳቸውን ከጎን ለሚያይ ሁለተኛው ልዩነት ይታየዋል። የተለመደው ከፊት እስከ ኋላ ሳያቋርጥ ይቀሰታል፤ ስታቢ መሐሉ ላይ ጠፍጠፍ ይላል።

ሐሳቡ የመጣው ሸራ ከሌለው ሰርፊንግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 ካሊፎርኒያ ውስጥ ዊንዳንሲ በተባለው ስፍራ ሞገድ ሲጋልብ ሕይወቱ ያለፈው ቦብ ሲመንስ የሰርፍ ቦርድን እንደ ፈጣን ጀልባ ሆድ አድርጎ ያሰበ ሰው ነበር። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ የሳን ዲዬጎ ቀራጮች ሐሳቡን አንስተው ሚኒ ሲመንስ የተባሉትን አጫጭርና ሰፋፊ ቦርዶች ሠሩ። አውስትራሊያዊው ዳንኤል ቶምሰን ደግሞ ትይዩውን ጠርዝ ለዘመናዊ፣ ፈጣን አጋላለብ አመቻቸው። ስታቢ የዚህ ሐረግ ልጅ ነው።

አሠራሩ ለመረዳት አይከብድም። በተቀሰተ ሆድ ሥር የሚያልፍ ውሃ አቅጣጫውን ለመለወጥ ይገደዳል፤ ይህም ፍጥነት ይበላል። ጠፍጣፋ ሆድ ግን ቶሎ ከውሃው ይነሳና ይንሸራተታል። ትይዩው ጠርዝ ውሃውን በረጅሙ ስለሚነክስ፣ ሞገዱ ራሱ ጉልበት በሌለው ቀን እንኳን ቦርዱ ፍጥነቱን ይዞ ይዞራል። አፍንጫው ሲያጥር ደግሞ ከጋላቢው እግር ፊት የሚወዛወዘው ክብደት ይቀንሳል። ቦርዱን አየር ላይ ማዞርም፣ ከሞገዱ ከንፈር ላይ መመለስም ይቀላል።

የሊትሩም ነገር እዚህ ላይ መነሳት አለበት። 75 ኪሎ የሚመዝን ሰው ቦርዱን፣ ሸራውን፣ ምሰሶውንና በእጅ የሚያዘውን ዘንግ፣ ቡሙን፣ ሲጨምርበት 90 ኪሎ አካባቢ ይሆናል። 82 ሊትር ቦርድ ሙሉ በሙሉ ቢሰምጥ እንኳን የሚሸከመው 82 ኪሎ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ነፋሱ ድንገት ሲሞት ቦርዱ ከጋላቢው ጋር ወደ ውሃው ይገባል፤ ሰውዬው ጉልበቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆሞ ቀጣዩን ነፋስ ይጠብቃል። ሰፊው አፍንጫ ዋጋ የሚያወጣው በዚህ ሰዓት ነው። የጠበበ አፍንጫ ቶሎ ይሰምጣል፤ ሰፊው ይቆማል። በፊልም የማይታየው፣ በእውነተኛው ባሕር ግን ከሰዓቱ ብዙውን የሚወስደው ይህ ጥበቃ ነው።

ሦስት ባሕሮች፣ ሦስት ፍርዶች

ማዊ ላይ፣ የአሎሃ ክላሲክ ውድድር በሚካሄድባት ሆኦኪፓ፣ የሰሜን ፓስፊክ ሞገድ በመኸርና በክረምት ከምሰሶ ርዝመት በላይ ይቆማል። ነፋሱ ፊቱን ወደ ባሕሩ ላዞረ ሰው ከቀኝ በኩል ይመጣል። እዚህ ፍጥነቱን የሚሰጠው ሞገዱ ነው፤ ከቦርዱ የሚጠበቀው ያንን ፍጥነት መግራት ነው። ጋላቢው ከሞገዱ እግር ሥር ሰፊ ቅስት ይዞ ይዞራል፣ ወደ ከንፈሩ ይወጣል፣ እዚያ ጠባብ ቦታ ላይ ባለች ቅጽበት ይመለሳል። ለዚህ ሥራ የተለመደው ቦርድ ይሻላል። የጠርዙ ቅስትና የሆዱ ቅስት ከሞገዱ ቅስት ጋር ይገጥማሉ፤ ጋላቢው ከረጅም ዙር ወደ አጭር ዙር ሲቀይር ቦርዱ አይከራከረውም። ስታቢ በዚህ ፍጥነት የያዘውን መስመር መልቀቅ አይወድም፤ ቁልቁለቱ ገደል ሲሆንም ሰፊው አፍንጫ ከታች ያለውን ውሃ እንዳይነካ ጥንቃቄ ይጠይቃል።

ግራን ካናሪያ ደሴት ላይ ያለችው ፖዞ ኢስኪየርዶ ሌላ ዓለም ናት። በጋ ላይ ነፋሱ ከግራ በኩል እየጋለበ ይመጣል፤ ከ4 ካሬ ሜትር ያነሰ ሸራ እዚያ የዕለት ዕቃ ነው። መንትዮቹ የዓለም ሻምፒዮኖች ኢባያና ዳይዳ ሞሬኖ የተፈተኑት በዚህ ነፋስ ነው። በዚያው ደሴት ያደገው ፊሊፕ ኮስተርም እ.ኤ.አ. በ2011፣ በ17 ዓመቱ፣ የሞገድ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ፖዞ የዝላይ አገር ናት። የስታቢ አጭር አፍንጫ አየር ላይ ነፋስ ስለማይይዝ ለድርብ ግልብጥብጥ ይመቻል። ነገር ግን ወደ ዝላዩ በሚያደርሰው የተናወጠ ውሃ ላይ ሰፋ ያለውና ጠፍጣፋው አካል ይንጣል፤ የተለመደው ቀጭን ጅራት ያንን ውሃ ሰንጥቆ ያልፋል። መፍትሔው በሊትር ዝቅ ማለት ነው። እዚህ ላይ ስታቢን ለመንቀፍ ትልቁን መጠን በትንሽ ሸራ መጋለብ ይበቃል፤ ያ ግን ፍትሐዊ ፈተና አይሆንም።

ሦስተኛው ባሕር ይህ ዳሰሳ በዋናነት የተጻፈለት ነው። ዴንማርክ ውስጥ ክሊትሞለር፣ ቀዝቃዛዋ ሃዋይ የሚሏት፣ የሰሜን ባሕርን ነፋስ ከየአቅጣጫው ትቀበላለች። ነፋሱ ብዙውን ጊዜ ወደ ጠረፉ ያደላል፤ ሞገዱ ሳይከፈት ይሰበራል፤ አረፋው ወፍራም ነው። እስራኤል ውስጥ ባሕሩን ከደጃቸው ለሚያገኙት የአሽዶድ፣ የአሽቀሎን፣ የነታንያና የሃይፋ ነዋሪ አንባቢዎቻችንም ሥዕሉ እንግዳ አይሆንም። ሃይፋ ባት ጋሊም ላይ ሸራ የሚዘረጉት ሰዎች የሚያውቁት የሜዲትራንያን ሞገድ ነፋስ በቅርብ የወለደው፣ አጭርና ተከታታይ ነው። እንዲህ ባለ ባሕር ፍጥነቱን ይዞ የሚመጣው ቦርዱ መሆን አለበት። ስታቢ አረፋው መሐል በነፋስ እጦት ይቆይና ቀጣዩ ግፊት ሲመጣ ቶሎ ይነሳል፤ ሞገዱ ጡንቻ ሳይኖረው ዙሩን ይጨርሳል። የተለመደው ቦርድ እዚህ ዙሩ መሐል ላይ ይሞታል። ልዩነቱ ግልጽ ነው፤ በዚህ ባሕር ስታቢ ያሸንፋል።

ስለ ፊኖቹ በአጭሩ

እንደ ዓሣ ክንፍ ከቦርዱ ሥር የሚሰኩት ፊኖች የራሳቸው ታሪክ አላቸው። አንዱ ትልቅ ፊን፣ 22 ሴንቲሜትር ገደማ፣ ቀጥ ብሎ ለመሄድና ቶሎ ለመነሳት ይረዳል፤ ሞገድ ላይ ግን ዙሩን ያከብዳል። አራት ፊን ውሃውን ይዞ አጥብቆ የሚዞር ነው፤ በደካማ ነፋስ ግን ይጎትታል። ሦስት ፊን፣ አውስትራሊያዊው ሲመን አንደርሰን እ.ኤ.አ. በ1981 ቤልስ ቢች ላይ አሸንፎ ለሰርፊንግ ዓለም ያስተዋወቀው አሰካክ፣ በሁለቱ መሐል ይቆማል። ስታቢ ሦስት ፊን መያዙ ከባሕርይው ጋር ይስማማል። የመሐሉን ፊን በሁለት ሴንቲሜትር ማሳጠር ጅራቱን ይፈታል፤ ማስረዘም በነፋስ እጦት ቀን ወደ ነፋሱ አቅጣጫ መውጣትን ያቀላል። ገዢው ሌላ ቦርድ ከማማረጡ በፊት ሁለተኛ የመሐል ፊን ቢገዛ ገንዘቡን ያተርፋል።

ሸራው፦ ፍርዱ የሚገለበጥበት ቦታ

ለንጽጽሩ ሁለት ሸራዎችን እወስዳለሁ፤ ሁለቱም ቤን ሰቨርን በስሙ ከሚያወጣቸው ናቸው። አንዱ ኤስ-ዋን ነው። አራት ባተን፣ ማለትም ሸራውን ከፊት ወደ ኋላ አቋርጠው ቅርጹን የሚያስይዙ አራት ስስ ዘንጎች፣ አሉት። ሁለተኛው ብሌድ ነው፤ አምስት ባተን ይዞ ለጉልበት የተሰፋ። ባተን ሲጨመር ሸራው በኃይለኛ ነፋስ ቅርጹን አይለቅም፤ መጎተቱም አንድ ወጥ ይሆናል። ባተን ሲቀነስ ሸራው ይቀላል፤ ጋላቢው ሲከፍተው ጉልበቱ ወዲያው ይጠፋል፤ ሞገድ ላይ እያለ ሸራው እንደሌለ ይሆንለታል። ብሌድ ከባድ ሰውንና ደካማ ነፋስን፣ ኤስ-ዋን ቀላል ሰውንና የሚለዋወጥ ነፋስን ይወዳል። ይህ የሸራዎቹ ተፈጥሮ ነው። ቀሪው ግን የገመድ ነገር ነው።

4.7 ካሬ ሜትር ገደማ የሆነውን ኤስ-ዋን ይዘን አሸዋው ላይ እንቀመጥ። ምሰሶው ባለ 400 ሴንቲሜትሩ፣ ቀጭኑ ዓይነት ነው። ሸራውን በምሰሶው እግር በኩል ወደ ታች የሚስበው ገመድ በመዘውሮቹ መሐል ተመላልሶ ይገባል። እግርን ምሰሶው እግር ላይ አስደግፎ መሳብ ይጀመራል። መጀመሪያው ቀላል ነው፤ ገመዱ ይመጣል፣ የፊቱ ሽብሽብ ይጠፋል፣ ሸራው ያማረ ይመስላል። ብዙ ሰው እዚህ ያቆማል። ልምድ ያለው ሰው ግን ዓይኑን ወደ ሸራው አናት ያነሳል። በላይኛው ባተን ሥር ያለውን የኋላ ጠርዝ በጣቱ ይነካል። ጨርቁ እንደተወጠረ ከሆነ ገና ነው። እንደገና ይስባል፤ አሁን በሙሉ ጀርባው ነው፤ ገመዱ መዳፉን ይቆርጠዋል። በመጨረሻዎቹ ሁለትና ሦስት ሴንቲሜትሮች ላይ የኋላው ጠርዝ ይለሰልሳል፣ ልስላሴውም ከላይ ወደ መሐል ወደ ታች ይወርዳል። አንዳንድ ሸራ ሠሪዎች ይህ ልስላሴ ምን ድረስ መምጣት እንዳለበት የሚያሳይ ምልክት ሸራው ላይ ያትማሉ። ሌላ ሠሪ ያወጣው ምሰሶ አተጣጠፉ የተለየ ሊሆን ስለሚችል፣ ምልክቱ የሚታመነው ምሰሶውም ለዚያ ሸራ የተስማማ ሲሆን ነው።

እነዚያ ሁለትና ሦስት ሴንቲሜትሮች ምን ያደርጋሉ? በደንብ የተሳበ ሸራ ድንገተኛ ነፋስ ሲመጣበት አናቱ ይከፈትና ትርፉን ያፈስሳል፤ የጉልበቱ መሐል ወደ ፊት፣ ወደ ምሰሶው ተጠግቶ ይቆያል። ያልተሳበው ግን አናቱ ዝግ ነው፤ ነፋሱ ሲጨምር ጉልበቱ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ የኋላው እጅ ይዝላል፣ የሰውዬው ክብደትም ወደ ኋላ እግሩ ይወርዳል።

ከቦርዱ ጋር የሚገናኘው እዚህ ላይ ነው። የስታቢ ጥቅም በሙሉ የተመሠረተው ጠፍጣፋው መሐሉ ከውሃው ጋር በመገናኘቱ ላይ ነው። ሸራው በትክክል ሲወጠር ክብደት በምሰሶው እግር በኩል ወደዚያ መሐል ይወርዳል፤ ቦርዱ ይረጋል፤ ትይዩው ጠርዝ ይነክሳል። ሸራው ሳይሳብ ሲቀር ክብደቱ ሰፊ ጅራቱ ላይ ያርፋል፤ አጭሩ አፍንጫ ይነሳል፤ ጠፍጣፋው ሆድ እያንዳንዱን እብጠት በጥፊ ይመታል። ሰውዬውም ከባሕሩ ወጥቶ ቦርዱ ይንጠኛል፣ አይገዛልኝም ይላል። ረጅም አፍንጫና ቀጭን ጅራት ያለው የተለመደው ቦርድ ይህን ስህተት በብዛት ይሸፍናል። ስታቢ ያጋልጠዋል። የቦርዱ ጉድለት ተብሎ የሚነገረው ነገር ከሸራው ገመድ የመጣ ሊሆን እንደሚችል ገምጋሚ ሁሉ ማስታወስ አለበት።

ባሕሩ ሲለዋወጥ እንግዲህ ገመዱም መለወጥ አለበት። ነፋሱ ሲደክም ብዙዎች ወደ ታች የሚስበውን ገመድ ይለቃሉ፤ እኔ የምመክረው ከቡሙ ጫፍ ወደ ኋላ የሚስበውን ገመድ በመጀመሪያ ማላላት ነው። ያኔ ሸራው ሆድ ያወጣል፣ ጉልበት ያገኛል፣ አናቱ ግን መክፈቱን አይተውም። ነፋሱ ሲበረታ ሁለቱንም መሳብ ነው፤ ሸራው ይጠፈጠፋል። ነፋሱ መምጣትና መሄድ ሲያበዛ ወደ ታች የሚስበውን አጥብቆ፣ የኋላውን በመጠኑ ለቆ መውጣት ይሻላል፤ ድንገተኛው ግፊት በአናቱ ይፈስሳል፣ ጸጥ ሲል ደግሞ ሆዱ ይሠራል። ቦርዱ ላይ ያለው የምሰሶ ማሰሪያም ዝም ብሎ የሚተው አይደለም። አንድ ሴንቲሜትር ወደ ፊት ሲሄድ ቦርዱን ያረጋጋል፣ ወደ ኋላ ሲመጣ ዙሩን ይፈታል። ስታቢ አጭር በመሆኑ ይህችን ሴንቲሜትር ከረጅሙ ቦርድ ይልቅ ይሰማታል።

ፍርድ

ስታቢ ሁለት ግልጽ ድክመት አለበት። ትልቅና ፈጣን ሞገድ ላይ መስመሩን ለመቀየር ይዘገያል፤ በኃይለኛ ነፋስ በተናወጠ ውሃ ላይ ደግሞ መጠኑ ካልተቀነሰ ይንጣል። ማዊ፣ ኬፕ ቨርዴ ወይም ሌላ ሞገዱ የሚከፈትበት ጠረፍ ላይ የሚኖር ሰው የተለመደውን ባለ አራት ፊን ይያዝ፤ ከኤስ-ዋን ጋር ያጣምረው፤ አይጸጸትም። ፖዞን በመሰለ ነፋስ የሚኖርም ትንሹን መጠን ካልመረጠ በቀር ስታቢ ዋና ቦርዱ ባይሆን ይሻለዋል።

ቀሪው፣ ብዙኃኑ፣ ነፋሱን ከሥራ ሰዓቱ ጋር አስታርቆ ባገኘው ባሕር የሚወጣው ሰው ነው። ለእሱ ስታቢን እመርጣለሁ። ቀላል ከሆነ ኤስ-ዋንን፣ ከባድ ከሆነ ወይም ባሕሩ ነፋስ የሚያጥረው ከሆነ ብሌድን ይጨምርበት። ይህ ሰው ለዓመታት የሌላ ባሕር ቦርድ ሲጋልብ ኖሯል፤ መዞር ሲያቅተው ጥፋቱን በራሱ ላይ ሲያላክክ ነበር። ቬንዘል ለእሱ ባሕር ክብር ሰጥቶ ቀርጿል፤ ይህ በዕደ ጥበብ ትልቅ ነገር ነው።

ቦርዶችን አወዳድረው ውጤት ለሚያወጡ ባለሙያዎችም አንድ ጥያቄ አለኝ። ቦርዶቹ ሁሉ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሸራ፣ በአንድ አወጣጠር ሲፈተኑ ፈተናው ፍትሐዊ ይመስላል። በተግባር ግን ያ አወጣጠር ለአንዱ ቅርጽ ይመቻል፣ ሌላውን ይበድላል። እያንዳንዱ ቦርድ ሸራው ለእሱ ከተስተካከለ በኋላ ይጋለብ፤ ከውጤቱ ጋር ሸራው ምን ያህል እንደተሳበ፣ የምሰሶው ማሰሪያ የት ላይ እንደነበረ ይጻፍ። አንባቢው ገንዘቡን የሚያወጣው በዚያ ጽሑፍ ተማምኖ ነውና፣ ይህን ማወቅ መብቱ ነው።